ከዓለም ባንክ እስከ ባሕር ዳር

አዲስ አበባና ባሕር ዳር በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በመኪና ሲሆን ወደ 565 ይጠጋል፤ መንገዱ ከጎሐ ጽዮን ዓባይ በረሃ ወርዶ ደጀን ይወጣል፣ ከዚያም ጮቄን በቀኝ ትቶ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በእንጅባራ ይዞራል። አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ የሚለፋበትን አውሮፕላን በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። እኔም ይህቺን አንድ ሰዓት አመንኳት።

የዛሬ ሰባት ዓመት ነሐሴ ላይ ነው። ባሕር ዳር ያለችው እህቴ ወንድ ልጅ ወልዳ፣ እሁድ አርባ ቀኑ ይሞላል። ክርስትና የማነሣው እኔ ነኝ። ሽሮ ሜዳ ሄጄ አረንጓዴ ጥለት ያላት፣ ከክንድ የማትበልጥ ነጭ ቀሚስ አሠፋሁለት። እንዳትጨማደድ ሻንጣ ውስጥ አልከተትኳትም፤ በፌስታል አድርጌ ጭኔ ላይ ያዝኳት።

በረራው ቅዳሜ 11 ሰዓት ነው። 8፡30 ላይ በዝናብ ከቤት ወጥቼ ላዳ ያዝኩ። ከሰፈሬ ከዓለም ባንክ ቦሌ ሃያ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

«ወዴት ነህ ልጄ?» አሉኝ ሾፌሩ፣ ጉም የለበሰውን መስታወት በጨርቅ እየወለወሉ።

«ባሕር ዳር ነኝ አባባ፤ የ11 በረራ አለብኝ።»

«ከቦሌማ አንድ ሰዓት ነው። አየር ጤናን በስንት ሰዓት እንደምናልፍ ግን እንጃ።»

አየር ጤናን ለማለፍ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብን። ቀላል ባቡሩ ከጦር ኃይሎች ወዲህ አይመጣም፤ ወዲያም ቢሆን ቦሌ ኤርፖርት አይደርስም። ወደ አሮጌው ኤርፖርት ታጥፈን እንደገና ቆምን።

«ልጆች ሆነን አውሮፕላን የምናየው እዚህ ነበር» አሉ ሽማግሌው።

እውነታቸውን ነው። ያኔ የከተማዋ ኤርፖርት ይኸው ልደታ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አድርጎ ሥራ ሲጀምር ቦሌ ገና አልነበረም። በ1950ዎቹ ጄት ሲመጣ ረጅም ማኮብኮቢያ ስላስፈለገ ኤርፖርቱ ወደ ቦሌ ተዛወረ። ከእኛ ሰፈር የራቀው ያኔ ነው። አሁን ደግሞ አዲሱ ኤርፖርት ቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ ላይ ታቅዷል። ስለ ስፋቱ ደስ ይለኛል፤ ከኮልፌና ከዓለም ባንክ ለሚነሣ ሰው መንገዱ አብሮ ካልታሰበለት ግን በጣም ያሳስበኛል። በተለይ ዛሬ፣ ወደ ባሕር ዳር በመኪና መሄድ አስጊ በሆነበት ጊዜ፣ ለስንቱ ሰው የቀረው አውሮፕላን ብቻ ነው።

በቄራ፣ በጎተራ፣ በወሎ ሰፈር ተጎትተን ቦሌ ስንደርስ 10፡40 ሆኗል። መመዝገቢያው ተዘግቷል። ልጅቷ በትሕትና ለነገ ጠዋት ቀየረችልኝ። እህቴ ጋ ደወልኩ፤ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «አንተ ብቻ በሰላም ግባ» አለችኝ።

እሁድ በረራው ሃምሳ አምስት ደቂቃ ፈጀ። የዓባይ ገደል በደመና መሐል ብቅ ብሎ ጠፋ። ቤት ስደርስ ልጁ ተጠምቆ፣ የባለቤቷ ወንድም ክርስትና አንሥቶት፣ ማተቡን አስሮ ተኝቷል። ግንባሩን ስስመው ሜሮን ሜሮን ይሸታል። አልቅሻለሁ።

እህቴ ቀሚሷን ከፌስታሉ አውጥታ በተኛው ልጅ ደረት ላይ አነጠፈቻት። እጅጌዋ ከእጁ አለፈ።

«ያድግባታል» አለች።