ታማኝ ሳይሆኑ የመታመን ዘዴ

በብሎክቼይን መንደር ስም ማግኘት ከፈለግህ አንድ ሰው ሆነህ አትግባ። ሃያ ሁን። ሃያ ዋሌት ክፈት፤ ለእያንዳንዱ የቴሌግራም አካውንት፣ ኢሜይልና ከኢንተርኔት የተለቀመ ፎቶ መድብለት። ሲም ካርድ ሲያልቅብህ የአክስትህን፣ የአከራይህን፣ የግቢውን ዘበኛ ስልክ ተዋስ። «ኮድ ይመጣልዎታል፣ ይንገሩኝ» በላቸው እንጂ ለምን እንደሆነ አታስረዳ። ኤርድሮፑ (ነጻ የቶክን እደላው) የሚለቀቅበት ቀን ሲደርስ ሃያ ሆነህ ተሰለፍ። ከኋላህ በአንድ ስልክና በአንድ ዋሌት ወራት ሙሉ ሲለፋ የከረመ ልጅ ይኖር ይሆናል። ድርሻው ያነሰው አንተ ስለበዛህ መሆኑን አያውቅምና አይቀየምህም።

ሥራህ የቆየ ስም አለው። የማይክሮሶፍቱ ተመራማሪ ጆን ዱሰር እ.ኤ.አ. በ2002 «የሲቢል ጥቃት» ብሎ ጽፎበታል። አንዱ ብዙ ሰው መስሎ ገብቶ መረቡን ሲቆጣጠር ማለት ነው። ማን ማን እንደሆነ የሚያረጋግጥ አንድ ማዕከል ከሌለ ይህን ጥቃት ሙሉ በሙሉ መከልከል በተግባር እንደማይቻል ያኔውኑ አሳይቷል። ብሎክቼይን ደግሞ የተሠራው ያ ማዕከል እንዳይኖር ነው። ስለዚህ በሩ ተከፍቶልሃል፣ ግባ። አንድ ዋሌት አንድ ድምፅ የሚሰጥበት ማኅበር ካገኘህም ራስህን ሃያ ጊዜ ምረጥና «ማኅበረሰቡ ወሰነ» ብለህ ለጥፍ።

አልፎ አልፎ የሚያሳድድህ ይነሣል። ሌየርዜሮ የተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ቶክኑን ከማደሉ በፊት፣ ብዙ ዋሌት ይዛችሁ የገባችሁ ራሳችሁን ካጋለጣችሁ ከድርሻችሁ 15 በመቶውን ታገኛላችሁ አለ። ጊዜው ካለፈ በኋላ ደግሞ ሌላውን ለጠቆመ፣ ጥቆማው እውነት ከሆነ፣ ተጠቋሚው ሊያገኝ ከነበረው 10 በመቶ አዘጋጀ። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ዘዴውን አብሮህ የተማረውን ጓደኛህን ቀድመህ ጠቁም። የራስህን ዋሌቶች በተመለከተ ደግሞ ሃያውንም ከአንድ ዋሌት በተላከ ገንዘብ አንቀሳቅሳቸው፣ በአንድ ሌሊት አንድ ዓይነት ሥራ አሠራቸው፣ ያገኙትንም መልሰህ ወደ አንድ አካውንት ጠቅልለው። መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ነው፤ አጥኚዎቹም ሃያው ሰው አንተ ብቻ እንደሆንክ የሚያነቡት ከዚሁ ፈለግ ነው። ሥራቸውን ለምን ታከብድባቸዋለህ?

ሪፈራል ሊንክህን የትም ጣለው። ሃምስተር ኮምባት የተባለው የቴሌግራም ጨዋታ በ2016 ዓ.ም. ክረምት በየቤቱ ሲገባ እንዳደረግከው፣ በእድር ግሩፕ፣ በዘመድ ግሩፕ፣ የሟች ፎቶና የቀብር ሰዓት ከተለጠፈበት መልእክት ሥር ሳይቀር ለጥፈው።

ስምህ ሲበላሽ ለማቅናት አትድከም፣ ቀይረው። ይህ ከሁሉ የምወድልህ ችሎታ ነው፣ ታላላቅ አርአያዎችም አሉህ። ዎንደርላንድ የሚባለውን ፕሮጀክት ግምጃ ቤት ሲፉ በሚል ስም ብቻ የሚታወቅ ሰው ያስተዳድር ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ዛክኤክስቢቲ የተባለው መርማሪ ሲያጋልጠው፣ ሲፉ የተባለው ማይክል ፓትሪን ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2019 የደንበኞቹን ገንዘብ ይዞ የወደቀው የካናዳው የክሪፕቶ መገበያያ የኳድሪጋሲኤክስ ተባባሪ መሥራች ማለት ነው። ከዚያም በፊት ኦማር ዳናኒ ተብሎ በአሜሪካ ከባንክና ከክሬዲት ካርድ ማጭበርበር ጋር በተያያዘ ወንጀል ተፈርዶበት ነበር። የፕሮጀክቱ መሥራች ዳኒዬሌ ሴስታጋሊ ነገሩን ከአንድ ወር ገደማ በፊት ማወቁን አመነ፤ ገንዘባቸውን ላስቀመጡት ሰዎች ግን አልነገራቸውም። ለሰው ሁለተኛ ዕድል መስጠት ያስመሰግናል። በሌላ ሰው ገንዘብ፣ ባለገንዘቡ ሳያውቅ መስጠት ግን ምን ይባላል? አንተም ቻናልህ ሲነቃበት ዝጋና በማግስቱ በሌላ ስም ክፈት። የመጀመሪያው ልጥፍህ ስለ አጭበርባሪዎች የሚያስጠነቅቅ ይሁን።

አንድ ስም ካነሰህ ሶላና በተባለው ብሎክቼይን ላይ የተሠራውን ሴበር የተባለ ፕሮጀክት ተመልከት። ኮይንዴስክ የተባለው የዜና ድርጅት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 እንዳጋለጠው ኢያን ማካሊናዎ የተባለው የሴበር ፕሮግራመር 11 የሌሉ ሰዎችን ፈጥሮ፣ የተለያዩ ፕሮጀክቶች የሠሩ ነጻ ባለሙያዎች አስመስሎ አቁሟቸዋል። ፕሮጀክቶቹ አንዱ በሌላው ላይ የተነባበሩ ስለነበሩ፣ አንዱ ዶላር እዚህም እዚያም እየተቆጠረ የገንዘቡ መጠን ይተልቅ ነበር። በሶላና ላይ ከተቀመጠው 10.5 ቢሊዮን ዶላር 7.5 ቢሊዮኑ በሴበርና ሰኒ በተባለው ተከታዩ ስም የታየበት ጊዜ ነበር። ሕዝቡ አሥራ አንድ ሰው ተማክሮ ያመነበትን ነገር ያየ መሰለው። አንተ አሥራ አንድ ሰው መፍጠር ባትችል ሦስት ፍጠር፦ አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ይመስክር፣ ሦስተኛው «እኔም ገንዘቤን ተቀብያለሁ» ይበል።

የብዕር ስም ነውር የለበትም። ቢትኮይንን የፈጠረው ሳቶሺ ናካሞቶ ማን እንደሆነ ዛሬም አልታወቀም። ዛክኤክስቢቲም በእውነተኛ ስሙ አይሠራም፤ የሚታመነው የሚያቀርበውን የዝውውር ማስረጃ ማንም በራሱ ሄዶ ስለሚያመሳክረው ነው። ፊትን መሸፈን ሌላ፣ ትናንትን መሸፈን ሌላ! ፊታቸውን ሸፍነው ለዓመታት በአንድ ስም የሠሩ፣ ያጠፉትንም በዚያው ስም ይቅርታ የጠየቁ አሉ። አንተ ያበላሸህባቸው እነሱን ነው። ዛሬ ስሙን ያልገለጠ ሁሉ ሌባ የሚባለው በአንተ የተነሣ ነው።

ወደ ምክሩ እንመለስ። አድሚን ከሆንክ ተከታይ ግዛ፤ ሃምሳ ሺህ ተከታይ ኖሮህ ልጥፍህን የሚያዩት ሁለት መቶ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ማንም አያሰላውም። «ገንዘቤን ለምን ማውጣት አቃተኝ?» ብሎ የጠየቀውን አግድ፣ ጥያቄውን ደምስስ፣ ከዚያ «እዚህ ግሩፕ ውስጥ ፈድ (ፍርሃት መንዛት) አንፈልግም» በል። ስታስተዋውቅ «መቶ በመቶ አስተማማኝ ነው» ብለህ ጀምርና ከሥሩ «የራሳችሁን ጥናት አድርጉ» ብለህ ጨርስ።

ምስክር ወረቀትንም አትርሳ። ግሌን ዋይል፣ ፑጃ ኦልሃቨርና ቪታሊክ ቡተሪን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ባወጡት ጽሑፍ፣ ትምህርትን፣ የሥራ ልምድንና አባልነትን የሚመሰክሩ፣ ከባለቤታቸው ወደ ሌላ የማይተላለፉ ቶክኖችን አስበዋል። ቶክኑ ካልተሸጠልህ ዋሌቱን ከነቁልፉ ሽጠው። እኛም አገር ትምህርት ሚኒስቴር በ2021 እ.ኤ.አ. የካርዳኖን ብሎክቼይን ከሚሠራው ድርጅት ጋር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት በማይፋቅ መዝገብ ለመያዝ መስማማቱ ሲነገር ደስ ያለን፣ የሐሰት ዲግሪ ምን እንዳደረገን ስለምናውቅ ነበር። አንተ ግን አትደንግጥ። መዝገቡ የሚጠብቀው የገባውን እንጂ የሚገባውን አይደለም። ሐሰቱን ከመግባቱ በፊት፣ መዝጋቢው ክፍል ውስጥ ጨርሰው፤ ከዚያ ወዲያ ብሎክቼይኑ ራሱ ይጠብቅልሃል።

የዋሌትህ መክፈቻ የሆኑትን አሥራ ሁለቱን የሚስጥር ቃላት ፎቶ አንስተህ ቴሌግራምህ ላይ አስቀምጥ። አለቀ።

የመጨረሻው ምክር ስለ መታወቂያ ነው። ሰው መሆንን በዓይን ምስል የሚያረጋግጠው ዎርልድኮይን የተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2023 ናይሮቢ ላይ የዓይን ብሌን ላስነሣ ሰው 25 ቶክን፣ በጊዜው ምንዛሪ ወደ 7,000 ሺሊንግ፣ ሲሰጥ ሰልፉ ረጅም ነበር። የኬንያ መንግሥት በነሐሴ ወር ሥራውን አገደ። የተሰለፈው ሰው ለምን እንደሚነሣ በቅጡ ሳይረዳ ቢሆንም፣ ቢያንስ በገዛ እግሩ ሄዷል። አንተን ይህም አያስፈልግህም። ጎረቤትህ ያሉት እናት «ገንዘብ የሚያመጣ ነገር ነው፣ ይመዝገቡ» ብትላቸው መታወቂያቸውን አውጥተው ይሰጡሃል፣ ልጃቸው ነህና። ስልኩን ወደ ፊታቸው አዙር፤ ወደ ቀኝ ዞር፣ ወደ ግራ ዞር፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ በላቸው። ሁለት መቶ ብር ስጣቸው፤ ይመርቁሃል። በስማቸው የተረጋገጠውን አካውንት ለማታውቀው ሰው ሽጠው።

በዚያ አካውንት የሚያልፈው የማን ገንዘብ እንደሆነ ታውቃለህ? አታውቅም። የተሰረቀ ቢሆን መዝገቡ ላይ ያለው ስም የእሳቸው ነው፤ ፊቱም የእሳቸው ነው። ይለፍ ቃል ይቀየራል፤ እሳቸው በዚህ ዕድሜያቸው ፊታቸውን በምን ይቀይሩ? ሳይጠራጠሩህ አምነው ፊታቸውን ላዞሩልህ ሴት ይህን ማድረግህን የትኛው ቶክን ይከፍልልሃል? አካውንቱ ገና ካልተሸጠ ዛሬውኑ ዝጋው፤ የመታወቂያቸውን ፎቶ ከስልክህ አጥፋ፤ በስማቸው ምን እንደከፈትክም ቁጭ ብለህ በሚገባቸው ቋንቋ ንገራቸው። ከተሸጠም ንገራቸው፤ አካውንቱ ለተከፈተበት ድርጅትም አብራችሁ አመልክቱ።

ይህን የማታደርግ ከሆነ ግን ምክሬን እስከ ጫፍ ተከተል፦ ነገ ደግሞ የእህታቸውን መታወቂያ ጠይቃቸው።