አሥራ ስድስት ካንዴላ

ሮም የገባሁ ዕለት ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወጥቼ ቀና ብል፣ መንገዱ ግራና ቀኝ «ካምቢዮ» በሚል ጽሑፍ ተሞልቷል። ይኸኛው ሱቅ ካምቢዮ፣ ቀጥሎ ያለው ካምቢዮ፣ ጥግ ላይ የተወሸቀችው ኪዮስክ ሳትቀር ካምቢዮ። «እነዚህ ሰዎች እንዴት ቢነዱ ነው ካምቢዮ እንዲህ የሚፈጁት?» ብዬ ከልቤ አዘንኩላቸው። ጠጋ ብዬ በመስኮት ባይ ማርሽ የለ፣ ግራሶ የለ፤ ጥፍሯን የተቀባች ሴትዮ ዶላር ትቆጥራለች።

ጥፋቱ የእኔ አልነበረም። ጣልያንኛዬን የተማርኩት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አጎቴ ጋራዥ ውስጥ፣ መኪና ሥር ተንጋልዬ ነው። ጣልያን አምስት ዓመት ቆይቶ ተባርሮ ሲወጣ ቋንቋውን ኮፋኖ ሥር ረስቶት ሄዷል፤ እኛም ሳንመልስለት ይኸው እስከ ዛሬ እንገለገልበታለን። ስለዚህ «እንዴት አደርክ» ማለት ሳላውቅ ፍሪሲዮን አውቅ ነበር። ዳቦ መጠየቅ ሳልችል ካቻቢቴ መጠየቅ እችል ነበር።

ይህ እውቀት ሥራ አስገኘልኝ። ሽማግሌ ለመጠበቅ የገባሁበት ቤት ውስጥ ሴት ልጃቸው ስለ ደም ግፊት፣ ስለ መድኃኒት ሰዓት ስትጠይቀኝ ግማሹ አልገባኝም፤ ሌላውን ግማሽ ራሴን እየነቀነቅኩ አለፍኩት። ቤተሰቡ ሁሉ «ኖኖ»፣ አያታችን ማለት ነው፣ የሚሏቸው ሽማግሌ ከተቀመጡበት ሆነው «መኪና ይወዳል?» አሉ። ይሄ ገባኝ። ዳዊት እንደሚደግም ሰው ለቀቅኩት፦ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬቻ፣ ፓራፋንጎ፣ ባልስትራ፣ ቦሎ። ቦሎ ላይ ስደርስ ኖኖ እጃቸውን አነሱ። «ይሄኛው ይሁን» አሉ።

ነገሩ የገባኝ ከሳምንት በኋላ ነው። የልጅ ልጃቸው፣ አሥራ አምስት ዓመቱ፣ በጣልያን ፎርሙላ 4 ሊወዳደር ተመዝግቧል። ፎርሙላ 4 ማለት ከትንንሾቹ የካርቲንግ መኪኖች የወጣ ልጅ ወደ ፎርሙላ ዋን በሚወስደው መሰላል ላይ የሚረግጠው የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ከአሥራ አምስት ዓመት ጀምሮ ይገባበታል። ኖኖ አንድም ውድድር ሊያመልጣቸው አይፈልጉም። እሳቸውን፣ ዣንጥላቸውን፣ የመድኃኒት ሣጥናቸውንና የወንበር ትራሳቸውን ይዞ የሚዞር ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ሆንኩ። የ2022 ውድድር በእኛ አቆጣጠር በ2014 ሚያዝያ ማብቂያ ኢሞላ ላይ ተጀምሮ በ2015 ጥቅምት ሙጄሎ ላይ ነው ያለቀው፤ ስለዚህ ለአገር ቤት ሰዎች ሁለት ዓመት ሙሉ የመኪና እሽቅድድም ውስጥ ነበርኩ ብዬ ባወራ ውሸት የለውም።

መኪናዋን መጀመሪያ ያየኋት ቀን የተማርኩት ሁሉ ከንቱ የቀረ መሰለኝ። ፍሬቻ የላት፣ ፓራፋንጎ የላት፣ ክላክስ የላት፣ ቦሎ የሚለጠፍበት መስታወት እንኳ የላትም። ስፖኪዮ ግን ሁለት አላት፤ ሶማሌ ተራ ቢያቆሟት አምስት ደቂቃ የማይቆዩ ዓይነት። ክላክስ በሌላት መኪና ሠላሳ ምናምን ጎረምሳ መሃል መግባት አዲስ አበባ ላደገ ሰው የሚታሰብ ነገር አይደለም። መንገድ እንዴት ይጠይቃሉ? እንዴት ይሰዳደባሉ?

ሞተሩ ግን ዘመድ ሆኖ ተገኘ። 1.4 ሊትር፣ ቱርቦ ያለው፣ አባርት የሚባል። አባርትን የመሠረተው ሰው ኮከቡ ዓቅራብ ስለሆነ ነው ዓርማው ጊንጥ የሆነው፤ እሱም ያለ ደብተራ። ኩባንያውን ፊያት በ1971 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ገዛው። የእኛ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ደግሞ ሩሲያ ትወለድ እንጂ ፊያት 124ን አስመስለው ነው የሠሯት። ይህን ለመካኒኮቹ ለማስረዳት ስልኬን አውጥቼ ፒያሳ የቆመች የላዳ ታክሲ ሳሳያቸው፣ ኖኖ ስልኩን ከእጄ ነጥቀው አፈጠጡ። «ይቺ የእኔ ነበረች» አሉ። የጎንደሬን ዘር ቆጠራ እዚህ ቢያደርጉት ላዳና ያቺ የውድድር መኪና ስንት ቤት ወርደው እንደሚገናኙ ማስላት ይቻል ነበር፤ እኔ ግን መጋባት አይችሉም ብዬ ደምድሜያለሁ።

ከኢሞላ በኋላ ሚዛኖ ሄድን። ሰኔ ላይ ቤልጂግ አገር ስፓ የሚካሄደውን ሐኪሙ ከለከላቸውና ቤት ቁጭ ብለን እያዘንን በቴሌቪዥን አየነው።

በእነዚህ ሳምንታት ያስተዋልኩትን ልንገራችሁ። እውነተኛው እሽቅድድም ከአጥሩ ውጭ ነው ያለው። ልጆቹ የራስ ቁራቸውን ሲያወልቁ ብጉራም፣ ዝምተኛ፣ ስልካቸው ላይ የተደፉ ናቸው። የሚያልበው ወላጅ ነው። አባቶች በሰከንድ ሺህኛ የሚቆጥር ሰሌዳ ሥር ተገትረው «ከ12ቱ ሺህኛ አራቱን የበላው ሁለተኛው ማጠፊያ ነው» እያሉ ይሟገታሉ፤ እኔ የአጎቴን ቀጠሮ በሰዓት እንኳ አክብሬ አላውቅም። እናቶች መነሻው ላይ ፊታቸውን በሻርፕ ሸፍነው ጎረቤታቸውን «አለፉ? አለፉ?» እያሉ ይጠይቃሉ። የፊት ክንፍ በተሰበረ ቁጥር አንድ አባት ጸጥ ይላል፤ በሆዱ እየደመረ ነው። የአንድ ዓመት ወጪው በመቶ ሺህዎች ዩሮ ነው የሚቆጠረው። ውድድሩ በ2014 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲጀመር የመጀመሪያው ሻምፒዮን ላንስ ስትሮል ነበር፤ አባቱ ቢሊየነር ናቸው። ልጁ አይችልም ማለቴ አይደለም፤ አባትየው በሆዳቸው የሚደምሩት ነገር አልነበረም ማለቴ ነው።

እንግዲህ ወደ ቀጣዩ ውድድር፣ ወደ ቫሌሉንጋ እንምጣ። ከሮም ወደ ሰሜን ብዙም አይርቅም፤ ሰኔ መጨረሻ ነው፤ አስፋልቱ እንጀራ ያበስላል። ቅዳሜ ረፋድ የልጁ እናት ደወለችልኝና በጥድፊያ «ነገ አሥራ ስድስት ካንዴላ እንዳትረሳ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። እኔም አልገረመኝም። እናት ለልጇ መለዋወጫ ብታስገዛ ምን አዲስ ነገር አለ? በቀጥታ ወደ ዋናው መካኒክ ሄድኩ።

«አሥራ ስድስት ካንዴላ ስጠኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ስንት?»

«አሥራ ስድስት። ሲኞራዋ ናቸው ያዘዙት።»

መፍቻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ይሄ ሞተር አራት ሲሊንደር ነው። አራት ካንዴላ። ደግሞም ታሽጎ የመጣ ሞተር ነው፤ ማንም እንዲነካካው አይፈቀድም። አሥራ ስድስት ሲሊንደር ያለው ቡጋቲ ነው። ሲኞራዋ ቡጋቲ ገዙ እንዴ?»

እኔም ክብሬን ላለማስነካት «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አልኩት። ይህን ጊዜ ልጁ ከጎማ ክምር ኋላ ብቅ ብሎ አየኝ፤ አየኝና መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። በዚያ ዓመት ጥርሱን ያየሁት የመጀመሪያ ቀን ነው። ለካ በማግስቱ አሥራ ስድስት ዓመት ይሞላዋል፤ ለካ ካንዴላ በጣልያን አገር ከሁሉ አስቀድሞ ሻማ ነው። እኛ አገር ጣልያኖቹ ሻማውን ይዘው ሄደው የእሳት መጫሪያውን ብቻ ነው የተዉልን።

የሰው ስህተት ብቻውን አይመጣም። በዚያው ከሰዓት ኖኖ «ኩሽኔቶ! ኩሽኔቶ!» ብለው ሲጮኹ የወንበር ትራሳቸው ሸርተት ብሎባቸው ነበር። እኔ ግን ጎማ ሊያመልጥ ነው ብዬ እየሮጥኩ ሄጄ መካኒኮቹን ኩሽኔታው እንዲታይ አሳሰብኩ። አንዱ በእውነት አጎንብሶ አየው።

እሑድ ማታ ልጁ ሃያ አንደኛ ሆኖ ሲመለስ ኬኩ ቀረበ። መካኒኮቹ አራት ያረጁ ካንዴላዎች በቤንዚን አጥበው፣ ወልውለው፣ ክሬሙ ላይ አቁመዋቸዋል። ልጁም ጉንጩን ነፍቶ እፍ አላቸው። ተጨበጨበ። ሦስቱን መካኒኮቹ ተከፋፈሉ፤ አንዷን ኖኖ ኪሳቸው ከተቱ።

ከዚያ ወዲያ ስሜ «አሥራ ስድስት» ሆነ። ሞንዛ ላይ በር ጠባቂው ሳይቀር ያውቀዋል። ሞንዛ 5.793 ኪሎ ሜትር ነው፣ አብዛኛው ቀጥ ያለ፣ እናም ከፊት ያለው መኪና ነፋሱን ስለሚሰነጥቅልህ ከኋላው የተከተለ ይፈጥናል። ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። ስለዚህ የመነሻ ቦታ ለመለየት ፈጣን ዙር እንዲነዱ ሲለቀቁ ማንም መቅደም አይፈልግም። ሁሉም ቀስ ይላል፤ ሁሉም ዳር ይይዛል፤ ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚበሩ መኪኖች ተርታ ሆነው እንደ ለቅሶ ቤት እንግዳ በር ላይ ይገፋፋሉ። «በሞቴ አንተ ቅደም።» «ኧረ በጭራሽ፣ አንተ እያለህ!» ሰዓቱ አለቀ። የእኛ ልጅ በጨዋነት ከሁሉም በልጦ ከኋላ ተነሣ።

በዚያ ዓመት የሚቀድመው መታወቁ አልቀረም። አንድሬያ ኪሚ አንቶኔሊ የሚባል የቦሎኛ ልጅ አሥራ ሦስት ውድድር አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ያን ሁሉ ዋንጫ ሲሰበስብ በሕግ እስከ ዳቦ ቤት እንኳ መንዳት አይፈቀድለትም ነበር፤ መንጃ ፈቃድ ያወጣው መርሴዲስ በ2025 ፎርሙላ ዋን ላይ ሊያስነሣው ጥቂት ሲቀረው ነው። የእኛም ልጅ እንዲሁ። ከሙጄሎ፣ አንድም ነጥብ ሳይዝ፣ ወደ ሮም ሲመለስ የነዳሁት እኔ ነበርኩ፣ በኖኖ አሮጌ ፓንዳ። ኖኖ ኋላ ተኝተዋል። ልጁ ከጎኔ ሆኖ እጀታውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እግሩ ወለሉ ላይ የሌለ ፍሬን እየረገጠ፣ «ፒያኖ! ፒያኖ!» ይለኛል። ቀስ በል ማለት ነው። ትርጉሙን በዚያን ጊዜ አውቀዋለሁ፤ እግሬ ግን ገና አልተረጎመውም ነበር። አንዴ አንድ የጭነት መኪና በቀኝ ስቀድም ዓይኑን ጨፈነ። ክላክስ ነበረኝ፤ ምን አስፈራው?

በቀጣዩ ዓመት አባትየው ደምረው ጨረሱ መሰለኝ፣ ልጁ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ካንዴላዋ ኖኖ መኝታ ቤት፣ ከቅዱስ አንጦንዮስ ሥዕል አጠገብ ተቀምጣለች። ሐሙስ ሐሙስ አቧራዋን የምጠርገው እኔ ነኝ።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ሰፈሩ ሁሉ መብራት ጠፋ። ኖኖ ከአልጋቸው «ካንዴላ! ካንዴላ!» እያሉ ተጣሩ። ሻማው ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ እንዳለ በደንብ አውቃለሁ። በዳበሳ ገብቼ ከሥዕሉ አጠገብ አንሥቼ መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። በጨለማ ውስጥ ዳበሷት፤ ጫፏን ነኩ፤ ዝም አሉ።

«አሥራ አምስቱስ?» አሉኝ።