የአምናዋ አደይ

አደይ አበባን ፎቶ ለማንሳት ከደሴ ወደ ገራዶ የሚወርድ ሰው መቼ ቢሄድ ይሻለዋል ቢባል፣ መልሱ «መስከረም ነዋ!» ነው። ደመራው ተለኩሶ፣ ችቦው አመድ ሆኖ፣ ጥቅምት ከገባ በኋላ ካሜራውን አንግቶ ባጃጅ የሚጠይቅ ሰው በሠርጉ ማግስት የደረሰ እንግዳ ይመስላል። እኔ ግን በሰዓቱ የደረሰው እሱ ነው ባይ ነኝ። ለዚህ ማስረጃው ግድግዳ ላይ ያለው ካሌንደር ነው። ካሌንደርና ፖስትካርድ ለእንቁጣጣሽ የሚደርሱት ማተሚያ ቤት ቀድመው ሲገቡ ነው፤ በዚያን ጊዜ ዝናቡ አላባራም፣ አደይም ገና ሜዳ ላይ ቅጠል ብቻ ናት። እንግዲህ «እንኳን አደረሳችሁ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር የፈካችው አበባ ቢያንስ የአምና ናት፤ አሳታሚው ሰነፍ ከሆነ ደግሞ የካቻምና። አዲሱን ዓመት በአሮጌ አበባ ስንቀበል ኖረናል፣ ቅር ያለውም የለም። ስለዚህ ጥቅምት ላይ የሚወርደው ፎቶ አንሺ ለዘንድሮ ዘግይቶ ይሆናል፤ ለሚመጣው ዓመት ግን ማንም አልቀደመውም።

«መስከረም ላይ ያነሳውስ ለሚመጣው ዓመት አይሆንም ወይ?» የሚል ተከራካሪ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሆናል። እንዲያውም ለአንዲት አበባ ብቻ ከሆነ የደመና ብርሃን ክፉ አይደለም፤ ጥላ አይጥልም፣ ቢጫውንም አያነጣውም። ሜዳውን ከነተራራው ለሚፈልግ ግን መስከረም ላይ ጦሳ ብዙውን ጊዜ ጉም ለብሶ ከፎቶው ይቀራል። ጥቅምት ሰማዩን አጥቦ፣ ተራራውን ከነሸንተረሩ ይመልሰዋል። የሚያስከፍለው ብርድ ነው። ገራዶ ከጦሳ በስተጀርባ፣ ወደ ምዕራብ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ ተራራውን ተሻግራ እስክትደርስ ጊዜ ትወስዳለች፤ የንጋትን ብርሃን እቀድማለሁ ብሎ ሌሊት የተነሳ ሰው የሚያገኘው «ለጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለምን እንደሆነ ብቻ ነው። ቁርሱን ደሴ በልቶ ቢወርድ የሚቀርበት ነገር የለም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ አበባዋ ጠውልጋለች፣ ጢንዚዛ በልቷታል፣ ይህ ደግሞ ለማን ይሸጣል? ጠጋ ብሎ ማየት ነው። አደይ አንድ አበባ ትመስላለች እንጂ በአንድ ራስ ላይ የተሰበሰቡ የብዙ ትናንሽ አበቦች ጉባኤ ናት። ዙሪያዋን የከበቡት ቢጫ ቅጠሎች ዘር አይሰጡም፤ ሥራቸው ንብ መጥራት ነው፣ በዛሬ ቋንቋ ማስታወቂያ ክፍል ማለት ናቸው። ዘር የሚቋጥሩት መሃል ላይ ያሉት ጥቃቅኖቹ ናቸው፤ እነሱም ከዳር ወደ መሃል ተራ በተራ ይከፈታሉ። ጥቅምት ላይ ሁለት ቅጠል የቀራት፣ ግማሽ ጎኗ ጠቁሮ ዘር የያዘ፣ በሌላው ጎኗ ንብ የምታስተናግድ አደይ ትገኛለች። ማስታወቂያ ክፍሉ ተበትኖ ሥራው የቀጠለበት መሥሪያ ቤት ብርቅ ነውና ፎቶ ይገባዋል። ደግሞም አደይ የአንድ ዓመት ተክል ናት፤ እናቲቱ ትደርቃለች፣ የምትመጣው ከዘሯ ነው። ንቧም በከንቱ አልመጣችም፤ ከክረምት በኋላ የሚቆረጠው ማር ብዙው ከዚህ ይቀሰማል።

አንድ አደጋ አለ፣ አልክደውም። ጥቅምት ሲገፋ ሜዳውን ቢጫ የሚያደርገው አደይ ብቻ አይደለም፤ ኑግም ያብባል፣ መጭም ያብባል። ከሩቅ ሦስቱን የማይለይ የከተማ ሰው የገበሬ የዘይት እህል መሃል ቆሞ «የእንቁጣጣሽ አበባ» ብሎ ሊለጥፍ ይችላል። ባለማሳው ግን ወዲያው ያርመዋል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

እውነተኛዋን አደይ የሚፈልግ ወሰን ለወሰን መሄድ አለበት። ማሳ ውስጥ ከሆነች ክረምቱን ከአረሙ ጋር ትነቀላለች፤ በሬና አራሚ የማይደርሱባት ሁለት መሬት የሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው። እዚህ ላይ ጉዞው ይከብዳል። ባለ ሦስት እግሩን ትራይፖድ ድንበር ላይ ተክሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወዲያና ወዲህ የሚያነጣጥር ሰው በገጠር አንድ ትርጉም ብቻ አለው። «ጌታው፣ ከመንገድ ሥራ ናችሁ ወይስ ከመሬት አስተዳደር?» ይባላል። «አይ አባቴ፣ አበባ ፎቶ ላነሳ ነው» የሚለውን መልስ የሚያምን የለም። አለማመናቸውም ትክክል ነው፤ መስከረም ሙሉ ሜዳውን የሞላችውን አበባ ትቶ በጥቅምት የደረቀችውን፣ ያውም ልክ ድንበሩ ላይ ያለችውን የመረጠ ሰው ምን ሊባል ነው? «ለሚመጣው ዓመት ካሌንደር ነው» ቢል ደግሞ ይብስበታል፤ የሚመጣው ዓመት ሲመጣ የራሱ አበባ የለውም ወይ?

ትራይፖዱን ደሴ ትቶ መውረድ መፍትሔ ይመስላል፤ አይደለም። ወሎ ውስጥ እንግዳ ሜዳ ላይ ቆሞ አይቀርም፣ ቡና ይጠራል። ድንበር ላይ የተገኘ እንግዳ ደግሞ በወዲህም በወዲያም ይጠራል፤ ወደ ማን ቀድሞ እንደገባም ይታያል። ቂም እንዳይተርፍ ሁለቱም ቤት ገብቶ ከአቦል እስከ በረካ መጠጣት ግድ ነው። ስድስት ሲኒ ቡና ጠጥቶ በወጣ እጅ ደግሞ ያለ ትራይፖድ አበባ ማንሳት አይሞከርም።