ዕቃውን ማን ይጠበው? የሲንክና የማጠቢያ ማሽን አመራረጥ ጥናት

የሰው ልጅ በልቶ ሲያበቃ ሁለት ነገር ይቀረዋል፤ ምስጋናና ሰሃን። ለምስጋናው ጸሎት ተሠርቶለታል፣ ምርቃት ተደርድሮለታል። ሰሃኑ ግን ከገበታ ተነሥቶ የማእድ ቤቱን ደፍ ከተሻገረ በኋላ ምን እንደሚደርስበት በወንዶች በኩል እምብዛም አልተጠናም። ማታ ሄዶ ጠዋት ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል። ይህ ጥናት በመካከሉ ያለውን ጊዜ ይመለከታል።

የጥናቱ መነሻና ዘዴ

ዘንድሮ ማእድ ቤታችንን ስናድስ ሥራውን ከባለቤቴ ጋር ተከፋፈልን። እሷ ግንበኛ መቆጣጠር፣ ቀለም መምረጥ፣ ሲሚንቶ መቁጠርና አቧራ መጥረግ ደረሳት፤ እኔ ማሰብ ደረሰኝ። የማስበውም ሁለት ነገር ነበር፤ ምን ዓይነት ሲንክ እንግዛ? የዕቃ ማጠቢያ ማሽንስ ያስፈልገናል ወይ?

ናሙናው ሦስት ማእድ ቤት ነው፦ የራሳችን፣ የእህቴ ኮንዶሚኒየም፣ እንዲሁም ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ቤት። ዘዴው ምልከታ ነው፤ የበሩን መቃን ተደግፎ፣ ቡና ይዞ። ተመራማሪው ጥናቱ በፈጀው ስድስት ሳምንት ውስጥ አንድም ሰሃን አላጠበም። ይህም ገለልተኝነትን ለመጠበቅ ሲባል የተደረገ ነው። ከጥናቱ በፊት በነበሩት ዓመታትም ገለልተኝነቱ ተጠብቆ ቆይቷል።

የጉዳዩ ታሪክ

ፈሳሽ ሳሙና በየሱቁ ከመደርደሩ በፊት አያቶቻችን ድስት የሚፈትጉት በአመድ ነበር። አመድ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ካርቦኔት ውሃ ሲነካው ቅባቱን ያላቅቃል፤ ብናኙ ደግሞ ጥቀርሻውን ይፍቃል። ዛሬ ለማጠቢያ ማሽን ተብሎ በሚሸጠው ዱቄት ውስጥ ከዋነኞቹ ቅመሞች አንዱ ሶዲየም ካርቦኔት ነው፤ ሶዳ አሽ የሚባለው፣ በአገራችን ከአብያታ ሐይቅ ውሃ ሲወጣ የኖረው ማለት ነው። ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ልዩነታቸው የአያታችን በነጻ መገኘቱ፣ የማሽኑ ደግሞ ሎሚ ሎሚ ማለቱ ነው።

ማሽኑን ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው ጆሴፊን ኮክሬን የተባለች የኢሊኖይ ግዛት ሴት ናት። የፈጠራ መብቷን ያገኘችው በታኅሣሥ 1886 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ነው። ሰሃኖቹ በየልካቸው በተሠራ የሽቦ መደርደሪያ ይቆማሉ፤ የሳሙና ውሃ በግፊት ይረጭባቸዋል። ነገሩ በመሠረቱ እስከ ዛሬ ያው ነው። በ1893 በቺካጎው የዓለም ትርኢት ላይ ማሽኑ ታይቶ ተሸለመ፤ ገዢዎቹም ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ሆኑ።

ለጥናታችን የሚጠቅመው ግን የሴትዮዋ ምክንያት ነው። ወይዘሮ ኮክሬን ባለ ሠራተኛ ነበረች። ሠራተኞቿ የክት ሰሃኖቿን ሲያጥቡ ጠርዛቸውን እየሸረፉባት ተቸግራ ነበር ይባላል። እንግዲህ ማሽኑ የተፈለሰፈው አጣቢዋን ከሰሃኑ ለማሳረፍ ሳይሆን ሰሃኑን ከአጣቢዋ ለማዳን ነው። ተመራማሪው ይህን ነጥብ በማስታወሻው ላይ ጽፎ፣ ሳያሰምርበት ገጹን ገለጠ።

ስለ ሲንክ

ሲንክ በአብዛኛው ስቴንለስ ነው። ይህን የማይዝግ ብረት በ1913 በእንግሊዝ አገር፣ በሼፊልድ ከተማ የደረሰበት ሃሪ ብሬርሊ ሲሆን፣ ፍለጋው ቶሎ ለማይበላ የጠመንጃ አፈሙዝ ነበር። ከአፈሙዝ ተነሥቶ ድስት ሥር የዋለ ብረት ነው።

ጥሩው ሲንክ 18/10 ወይም 304 ይባላል፤ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ ከ8 እስከ 10 በመቶ ኒኬል ማለት ነው። ማግኔት ብዙም አይስበውም። ውፍረቱ በጌጅ ይለካል፤ እዚህ ላይ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብረቱ ይወፍራል። ባለ 18 ጌጁ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ባለ 22ቱ 0.8 ገደማ ነው። ትልቅ ቁጥር ሰምቶ ደስ ብሎት የሄደ ሰው ጣሳ ይዞ ቤቱ ይገባል።

ሌላው ፈተና ጣት አጥፎ ማንኳኳት ነው። ቀጭኑ ይጮኻል፤ ወፍራሙና ከሥሩ ጎማ የተለጠፈበት ድምፁን ይውጣል። ይህን በመርካቶ ሱቆች ደጋግሜ አድርጌዋለሁ፤ እያዳመጥኩ ራሴን ስነቀንቅ ከጀርባዬ ሰው ይሰበሰብ ነበር። በአምስተኛው ቀን አንዱ ሻጭ ከሩቅ ሲያየኝ ለጓደኛው “አንኳኩው መጣ” ሲል ሰምቻለሁ። ጥናት መታወቅን ያመጣል።

ቀጥሎ ባለ አንድ ወይስ ባለ ሁለት ጎድጓዳ የሚለው ክርክር ይመጣል። የባለ ሁለት ወገኖች በአንዱ ማጠብ፣ በሌላው ማለቅለቅ ነው ይላሉ። በእህቴ ቤት እንደታየው ሁለተኛው ጎድጓዳ ውሃ በመጣ ቀን ተደፍኖ ይሞላና ውሃ እስኪጠፋ ይጠበቃል። ማለቅለቁ የሚከናወነው በሳፋ ነው። የባለ አንድ ወገኖች ደግሞ አንድ ትሪ ያመጡና ሁለቱ ትንንሽ ጎድጓዳዎች ላይ ያስቀምጡታል። ትሪው ከላይ እንደ ክዳን ይቀመጣል። ክርክሩም እዚያው ይዘጋል።

ከሲንኩ ሥር ሲፎን አለ። የዚህ የተጣመመ ቧንቧ ባለ መብት በ1775 ለንደን የነበረው ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ከሚንግ ነው። መታጠፊያው ላይ የሚቀረው ጥቂት ውሃ የፍሳሹ ሽታ ሽቅብ እንዳይመጣ ይዘጋል። የሲፎን ጠላት ቅቤ ነው። ቅቤ ከ35 ዲግሪ በታች ይረጋል፤ የአዲስ አበባ ጠዋት 10 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከድስቱ ታጥቦ የወረደው የዶሮ ወጥ ቅባት ቧንቧው ውስጥ ሲደርስ እንደ ሻማ ይቆማል። በቤታችን እንደተስተዋለው የፍሳሽ መስመር ዓመቱን በጾምና በፍስክ ይከፍላል። በሁዳዴ 55 ቀን ያርፋል፤ በፋሲካ ማግስት ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል። መፍትሔው ወጡን በሶፍት ጠርጎ ቆሻሻ ውስጥ መጣል፣ ከዚያ ማጠብ ነው። ይህን የነገረን ቧንቧ ሠራተኛው ሲሆን ከዚያ በኋላ ሥራው መቀነሱን ራሱ አምኗል።

ስለ ማሽኑ

ማሽኑ በአብዛኛው ሁለት መጠን አለው፤ ወርዱ 60 ወይም 45 ሴንቲ ሜትር። ሰፊው ከ12 እስከ 14 ሰው የሚበላበትን ዕቃ ያነሣል ይባላል። እዚህ ላይ የመለኪያ ችግር ገጠመን። አምራቹ አንድ ሰው ሲል አንድ ዝርግ ሰሃን፣ አንድ ጎድጓዳ፣ ሹካ፣ ቢላ፣ ማንኪያ፣ ብርጭቆ ማለቱ ነው። በእኛ ቤት 14 ሰው ሁለት ትሪ ነው። ሰሃኑ እንጀራ ስለሆነ ከነወጡ ይበላል፤ ዕቃን በመብላት ማጽዳት ከሁሉ የቀደመ ቴክኖሎጂ ሳይሆን አይቀርም። የተረፈችው ትሪ ደግሞ ማሽኑ ውስጥ አትገባም።

ሌላውን ዕቃ በየተራ መረመርን። ጀበና ሸክላ ስለሆነ ሳሙናውን ይጠጣል፤ በማግስቱ ቡናው ላርጎ ላርጎ ይላል። የእንጨት ማማሰያ በሙቀቱ ይሰነጠቃል። ሲኒ ቀላል ስለሆነ የውሃው ግፊት ይገለብጠዋል። ሊጥ የያዘ ባልዲ ማጣሪያውን ይደፍናል። የዶሮ ወጥ ድስት ብቻውን ማሽኑን ይሞላል። ቀይ ወጥ የነካው ፕላስቲክ በርበሬው ከዘይቱ ጋር ሰርጎበት ብርቱካንማ ሆኖ ይወጣል፤ በሳፋ ቢታጠብም እንዲሁ ነው። የቀሩት ብርጭቆዎች ነበሩ።

የውሃው ነገርም አለ። ማሽኑ ለአንድ ዙር ከ10 እስከ 12 ሊትር ገደማ ይበቃዋል፤ ቧንቧ ከፍቶ ከማጠብ ብዙ ይቆጥባል። ነገር ግን በአብዛኛው ቢያንስ 0.5 ባር ግፊት ይጠይቃል፤ አንድ ባር ደግሞ የ10 ሜትር ከፍታ ነው። ስለዚህ ፓምፕ ከሌለ ሮቶው ከማሽኑ 5 ሜትር በላይ መሰቀል አለበት። የእህቴ ሮቶ ከቧንቧዋ በላይ 2 ሜትር ላይ ነው። ማሽን ለመትከል ወይ ሮቶው ይውጣ፣ ወይ እህቴ ሁለት ፎቅ ትውረድ የሚል አማራጭ ቀርቦላት እያሰበችበት ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ ግኝት

የአክስቴ ልጅ አፓርታማ ከነማሽኑ ነው የተከራየው። ማሽኑ ሦስት ዓመት ያለ ዕረፍት ሲያገለግል ቆይቷል፤ ዕቃው በእጅ ይታጠብና እዚያ ውስጥ ይንጠፈጠፋል። አራስ ልትጠይቅ የሄደችው አክስቴ ማሽኑ እንደሚያጥብ ሲነገራት ተስማማች። ሰሃኑን በላርጎ አጥባ፣ ማሽኑ ውስጥ ደርድራ፣ ሲያበቃ አውጥታ አለቀለቀችው። የሳሙናው ኤንዛይም የሚበላው ነገር እንደሚፈልግ፣ አምራቾችም ትርፍራፊውን ማራገፍ ይበቃል እንደሚሉ ልጇ አስረዳት። “ልጄ፣ በሩን ዘግቶ የሚሠራን ምኑን አምነዋለሁ?” ብላ መለሰችለት። ይህ የሳይንሳዊ ጥርጣሬ መሠረት ነው።

ያልተጠበቀ ግኝት

በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሁለት ሲንኮች ለፍጻሜ ቀረቡ። አብራን የምትኖረው፣ ቤቱን የምታግዘን ልጅ በለስላሳ ሳጥን ላይ ቆማ ዕቃ እያጠበች ነበር። ሁልጊዜም በለስላሳ ሳጥን ላይ ቆማ ነው የምታጥበው፤ እኔ ሳጥኑን ከማእድ ቤቱ ዕቃ እንደ አንዱ አድርጌ መዝግቤው ነበር። ለሙከራ ያህል የሁለቱን ሲንኮች ፎቶ አሳይቼ የቱ ይሻላል አልኳት። እጇን በቀሚሷ አድርቃ ተመለከተችና “ጋሼ፣ ለእኔስ ዝቅ ያለው ነው” አለች።

በካታሎጎቹ ውስጥ ጌጅ፣ ኒኬል፣ ጥልቀትና አንጸባራቂነት ነበረ። የአጣቢ ቁመት የሚል ዓምድ ግን አልነበረም። ካቢኔ በአብዛኛው ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ተደርጎ ይሠራል፤ የእኛው 90 ነው። ደንቡ ግን ከክርን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ዝቅ ማለት ነው። የልጅቱ ክርን 95 ላይ ነው። ሲቀነስ 82 ገደማ ይመጣል።

እግረ መንገዴን ሌላም ነገር አነጻጸርኩ። ማሽኑ የሁለት ዓመት ዋስትናና በስድስት ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ ነበረው፤ ከአቅሙ በላይ እንዳይጫንም ያስጠነቅቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በግል ቤት ለሚሰጥ አገልግሎት የሚደረግን ቅጥር ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል። ልጅቱ በአንዲት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የቤቱን የሙሉ ቀን ዕቃ ታጥባለች፤ 0.5 ባር አትጠይቅም። ግኝቱን ለባለቤቴ ባቀርብላት “ይህን ለማወቅ ስድስት ሳምንት ፈጀብህ?” አለችኝ። አስተያየቱ ተመዝግቧል።

ውጤቱን ለማረጋገጥ ተመራማሪው ገለልተኝነቱን ትቶ ለአንድ ሳምንት ራሱ አጠበ። በሁለተኛው ቀን ጣቱ ተሰነጠቀ። በሦስተኛው ቀን ውሃ ጠፋ። በአራተኛው ቀን እንግዶች መጡና በየሰው አንድ ሰሃን እንዲቀርብ ሲጠየቅ በትሪ ይበላ ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

ውሳኔ

ባለ 18 ጌጅ፣ ባለ አንድ ሰፊ ጎድጓዳ ሲንክ ተገዝቶ ካቢኔው ወደ 82 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ተደርጓል። ማሽኑ ለጊዜው አልተገዛም። ሲንክ ለመግዛት የሚያስብ ሁሉ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ቤቱ ውስጥ የሚያጥበው ማን እንደሆነ ይለይ፤ ክርኑን ይለካ፤ ከተቻለም አንድ ሳምንት ይጠብ። እሑድ ተራው የእኔ ነው፤ ሲንኩ ለእኔ ዝቅ ስለሚል ወገቤን ያመኛል። የለስላሳውን ሳጥን ለባለሱቁ መልሰን ማስያዣችንን ተቀብለናል።