ጉዳዩ፦ «ከውጭ ግዙ» ስለመባል

ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት
አዲስ አበባ

 ይህ የምስጋና ደብዳቤ የተላከው ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሾኔና ከዶዮገና የጤና መድን አባላት ነው። ቁጥርም ማኅተምም የለውም፤ ማኅተሙን የያዘው ሰው ለስብሰባ ወጥቷል። አባላቱ ነገ ተመለሱ መባልን ስለሚያውቁ ሳይጠብቁት ልከውታል።

የመጀመሪያው ምስጋና ስለ ዳምቦያ ነው። በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከምባታ ውስጥ ያለችው ዳምቦያ ከተመረጡት አንዷ ነበረች። በዚያን ጊዜ በደቡብ ክልል የአንድ ቤተሰብ መዋጮ በዓመት 126 ብር ነበር። ዳምቦያዎች ሌላው አገር ስለ መድን ገና ሳይሰማ ካርዳቸውን አንጠልጥለው ጤና ጣቢያ ሄደዋል። ስለዚህ የዚህ አካባቢ ሰው ቅሬታ ሲያቀርብ «መድን ምን እንደሆነ ገና አልገባውም» ማለት ያስቸግራል። ገብቶታል፤ ቅሬታውም የመጣው ከዚያ ነው።

ሐሳቡ መልካም እንደነበረ አባላቱ አይክዱም። ካርዱ ከመምጣቱ በፊት እናት ምጥ ሲጠናባት ወይም ልጅ በወባ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚታየው በግቢው የታሰረው ከብት ነበር። ላሟ ተሸጣ ልጁ ይታከማል፤ በዓመቱ ልጁ ጤነኛ፣ ቤቱ ግን ያለ ወተት ይሆናል። መድኑ ብዙ ቤተሰብ ሳይፈራ ሐኪም ፊት እንዲቀርብ አድርጓል። መክፈል ለማይችለውም መንግሥት ይክፈልለት ተብሎ ተደንግጓል።

ሁለተኛው ምስጋና የአባላቱን እግር ስለማጠንከሩ ነው። ደንቡ እንደሚለው በሽተኛው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከአቅም በላይ ከሆነ ሪፈር ይጻፍለታል። ደረጃውን ዘሎ በቀጥታ ሆስፒታል የገባ አባል የወጪውን ግማሽ ከኪሱ ይከፍላል። ይህም ምክንያት አለው፤ ጉንፋን የያዘው ሁሉ ሆሳዕና ከወረደ ቀዶ ጥገና የሚጠብቀው ሰው ቦታ ያጣል። አባሉም ሕጉን አክብሮ፣ ሪፈሩን አጽፎ፣ በሞተር ሳይክልና በሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ካርድ ክፍል ተሰልፎ፣ ላቦራቶሪ ተሰልፎ በመጨረሻ የፋርማሲው መስኮት ይደርሳል። በመስኮቱ ቀዳዳ የምትወጣው ድምፅ አጭር ናት፦ «የለም፤ ከውጭ ግዙ።»

መድኃኒቱ ለምን እንደሚጠፋ አባላቱ በደንብ አጥንተውታል፤ ወረፋ ላይ ጊዜ ሞልቷል። ሆስፒታሉ አባሉን በካርዱ ያክመዋል። ምርመራው፣ መድኃኒቱና አልጋው ተሰልቶ የክፍያ ጥያቄ ይሆንና ከሆስፒታሉ ጋር ውል ወዳለው የመድን ጽሕፈት ቤት ይላካል። እዚያ ኦዲት ይደረጋል። ፊርማ የጎደለው ይመለሳል፤ የካርድ ቁጥሩ የማይነበበው ይቆረጣል፤ የተረፈው ደግሞ ገንዘብ እስኪገኝ ይጠብቃል። መዋጮ የሚሰበሰበው በዓመት አንዴ፣ ምርት ሲገባ ነው፤ በሽታ ግን የመኸር ወቅት አይጠብቅም። ሆስፒታሉ መድኃኒት የሚገዛው ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ሲሆን እዚያ ደግሞ ያልተከፈለ የክፍያ ጥያቄ እንደ ብር አይመነዘርም። ገንዘቡ ሲዘገይ መደርደሪያው ይራቆታል፤ መደርደሪያው ሲራቆት አባሉ መንገድ ተሻግሮ ወደ ግል ፋርማሲ ይሄዳል።

እንግዲህ በመድን ቢሮና በሆስፒታል መካከል ያለውን ያልተወራረደ ሒሳብ በጥሬ ገንዘብ የሚያወራርደው ካርድ የያዘው ሰው ነው ማለት ነው። አንዴ በቀበሌ ከፍሏል፤ ሌላ ጊዜ በግል ፋርማሲ ይከፍላል። በሚቀጥለው ዓመት ካርዱን ለማሳደስ ሲያመነታ ደግሞ በሪፖርቱ ላይ «የግንዛቤ ማነስ» ተብሎ ይመዘገባል።

ሀዲያና ከምባታ የጋራ ቋትን ከሥልጠና አዳራሽ አልተማሩም። ለያሆዴና ለመሳላ በዓል ወንዶች ዓመቱን ሙሉ እያዋጡ ሠንጋ ይገዛሉ፤ ሴቶችም ቅቤ እያጠራቀሙ ይጠብቃሉ። በመስቀል ሰሞን ቅርጫው ሊከፋፈል ሲል ሰብሳቢው ተነሥቶ «የእናንተ ሒሳብ ኦዲት ላይ ነው፤ ሥጋውን ለዛሬ ከውጭ ግዙ» ቢል ጉባኤው እንዴት እንደሚበተን ለአገልግሎቱ መግለጽ አያስፈልግም።

ሦስተኛው ምስጋና ስለ ትዕግሥት ነው። የሆሳዕና ሆስፒታል የተሰየመው በንግሥት እሌኒ መሐመድ ነው። እሌኒ የሀዲያው ገራድ ልጅ፣ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ባለቤት፣ በኋላም ለሕፃኑ ልብነ ድንግል አገር ያስተዳደሩ ብልህ ሴት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1509 ገደማ ለፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ ጽፈው ማቴዎስ በሚባል መልእክተኛ እጅ ላኩ። ሰውዬው በሕንድ በኩል ዞሮ ሊዝበን የደረሰው በ1514 ነው፤ የፖርቱጋል ልዑክ ምጽዋ የገባው ደግሞ በ1520። መልሱ 11 ዓመት ያህል ፈጀ ማለት ነው፤ ያውም በመርከብ፣ በጦርነትና በወጀብ መካከል። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ ያዋጣሉ ተብሎ ታቅዶ ነበር። ሥራ ላይ ሳይውል ዛሬ ነገ ሲባል የንግሥቲቱ መልእክተኛ ሄዶ ከተመለሰበት ጊዜ የበለጠ ዓመት አልፏል፤ በመካከሉ የነበረው ወጀብ ግን የስብሰባ ብቻ ነው።

የዚህ መዘግየት ትልቁ ቀልድ ያለው ነርሷ ላይ ነው። ማኅበረሰብ አቀፉ መድን ለገበሬውና በግሉ ለሚተዳደረው ስለሆነ እሷን አያቅፍም፤ የደመወዝተኛው መድን ደግሞ አዋጅ ላይ ነው። ስለዚህ ባለካርዱን ሌሊቱን ሙሉ የምታስታምመው ነርስ ራሷ ብትታመም የምታሳየው ካርድ የላትም። ደመወዟም በሰዓቱ ላይደርስ ይችላል፤ በ2016 ዓ.ም. በሀዲያ ዞን መምህራንና ጤና ባለሙያዎች ደመወዛቸው ባለመከፈሉ ሥራ ያቆሙበት ጊዜ ነበር። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ያቆሙት ጤና ባለሙያዎችም ከደመወዝና ከዲዩቲ ክፍያ ጋር የራሳቸውን ሕክምና ጉዳይ አንሥተዋል። የሰውን ጤና የሚጠብቅ ሰው «እኔስ ስታመም?» ብሎ ሲጠይቅ መስማት ለማንም የምሥራች አይደለም።

ሌሊቱን ሙሉ ስለ መንቃት ከተነሣ አይቀር፣ አባላቱ ስለ እንቅልፍ አንድ የቅንጦት ጥያቄም አላቸው። በየቤቱ ጣሪያ እስኪነቃነቅ የሚያንኮራፋ፣ በመሃል ትንፋሹ ቆሞ እንደ ሰመጠ ሰው እየባነነ የሚነሣ አባወራ አለ። ጎረቤት ይስቅበታል፤ ሕመሙ ግን ደም ግፊትንና የልብ በሽታን የሚያባብስ ነው። ምርመራው ሰውዬው ሽቦ ተለጥፎበት ሲያድር ትንፋሹንና ኦክስጅኑን መመዝገብ ነው። ሕክምናው ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቁት፣ በአፍንጫ ጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ መሣሪያ ነው።

በአሜሪካ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት መድን ይህን መሣሪያ ይሰጥና የተኛውን ሰው ይቆጣጠረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ፣ በተከታታይ 30 ቀናት፣ ከሌሊቶቹ ቢያንስ በ70 በመቶው፣ በየሌሊቱ ቢያንስ ለ4 ሰዓት ጭምብሉን እንዳደረገ መሣሪያው ራሱ ካልመሰከረለት ክፍያው ሊቋረጥ ይችላል። ቨርጂኒያ ያለ ዘመድ ይህን በስልክ ሲያማርር የሆሳዕና ሰዎች ቀኑበት። ባለመድኑ ተኝቶ እንደሆነ የሚቆጥር መድን! እዚህ የአባሉ አስታማሚ ኮሪደር ላይ ጋቢ አንጥፎ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ጨርሶም እንዳልተኛ፣ የሚመዘግብ የለም። አባላቱ ጭምብሉን አሁኑኑ አይጠይቁም። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሽፋኑ ውጭ መሆናቸውን ያውቃሉ፤ ለማንኮራፋት ተራው እንዳልደረሰ ይገባቸዋል። አሞክሲሲሊን ሲገኝ ስለ ጭምብሉ ይነጋገራሉ።

እስከዚያው «ከውጭ ግዙ» የተባለው ሁሉ በምን እንደሚገዛ አገልግሎቱ ጠይቆ ያውቅ ይሆን? በሀዲያና በከምባታ የማያዘገይ መድን አለ፤ ጆሃንስበርግ ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚሠራው ወንድም ነው። እዚያ የደረሰው በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ በኩል፣ ስንቶች የቀሩበትን መንገድ አልፎ ነው። ሪፈር አይጠይቅም፣ ኦዲት አያደርግም፣ የማዘዣ ወረቀቱን ፎቶ በስልክ አይቶ በማግሥቱ ይልካል። ችግሩ እሱም አንዳንዴ ይታመማል፤ ሱቁም ይዘረፋል።

አባላቱ ከምስጋናው ጋር ጥቂት ነገር ይለምናሉ። የሆስፒታል የክፍያ ጥያቄ በስንት ቀን እንደሚከፈል ቀኑ ተቆርጦ ይነገር፤ ቀኑ ሲያልፍ ማን እንደሚጠየቅም ይጻፍ። መድኃኒት ጠፍቶ አባሉ ከውጭ ከገዛ ደረሰኙን አሳይቶ ገንዘቡ እዚያው ሆስፒታል ይመለስለት እንጂ ለማስመለስ ሌላ ሪፈር አይጻፍበት። የእያንዳንዱ ሆስፒታል ያልተከፈለ ሒሳብ በየወሩ በማስታወቂያ ሰሌዳው ይለጠፍ፤ የመዋጮው ቀን በቀበሌ መለጠፉ አይቀርምና። ነርሷም ካርድ ይሰጣት።

ከሰላምታ ጋር

የመድን አባላት

ግልባጭ፦
ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ጤና ቢሮ፣ እንዲያውቀው
ለፋርማሲ መስኮቶች፣ በመስተዋቱ ላይ እንዲለጠፍ
ለግል ፋርማሲዎች፣ ለዓመቱ መልካም ትብብር
በደቡብ አፍሪካ ለሚገኙ ወንድሞች፣ ለክፍያ