«ትርፎች፣ ዝቅ በሉ!»

ከደሴ ሐይቅ ከተማ የሚመላለሱ ሹፌሮቻችን በከንቱ ይታማሉ። እንደነሱ የሚተሳሰብ ሰው የት ይገኛል? ሱሉላ አካባቢ ትራፊክ ፖሊስ ከቆመ፣ ከፊት የሚመጣው መብራቱን ሁለቴ ብልጭ አድርጎ ያስጠነቅቃል። ዘመድ ይሁን ባላንጣ፣ እስላም ይሁን ክርስቲያን አይመርጥም። ኩርባው ጀርባ የከብት መንጋ ወይም የተበላሸ ኢሱዙ ካለ ግን ብልጭታ የለም፤ እሱን ራስህ ትደርስበታለህ።

ብልጭታው እንደታየ ረዳቱ ይጮሃል፤ «ትርፎች፣ ዝቅ በሉ!»

የሕዝባችን ሥርዓት አክባሪነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በቀበሌ ስብሰባ ወደፊት ጠጋ በሉ ሲባል የማይሰማ ሰው፣ አባዱላ ውስጥ በአንድ ቃል እጥፍ ይላል። መነኩሴው መቋሚያቸውን አቅፈው፣ ሸሁ ሙሰበሃቸውን ጨብጠው፣ ግንባር ለግንባር ገጥመው ወለሉ ላይ ይሰበሰባሉ። የሃይማኖት መቻቻል ጉባኤ አዘጋጆች መጥተው ቢያዩት አበል ይተርፋቸው ነበር። እርጉዟ መታጠፍ ካቃታት ጋቢ ይጣልባትና ዕቃ ትሆናለች። በወንበር የተቀመጥነው ደግሞ በመስኮት ሰማዩን እናያለን። ሊብሬው 12 ሰው ይላል፤ ፖሊሱም 12 ራስ ቆጥሮ ያሳልፋል። ወዲያው የተቀበረው ራስ ሁሉ ብቅ ብሎ ሳቅ በሳቅ ይሆናል፤ አታለልነው! ፖሊሱ እኮ የቆመው መሬት ላይ ነው፤ ገደሉ አፋፍ የምንበረው እኛ ነን። ግን እንዲህ ብሎ ጨዋታ የሚያበላሽ የለም።

አልፎ አልፎ አንድ ፈሪ ተነስቶ «ሹፌር፣ ቀስ በል እንጂ» ይላል። ከሹፌሩ በፊት ተሳፋሪው ይነሳበታል፤ «ነፍስ ያለህ አንተ ብቻ ነህ?» ሹፌሩ ይሻላል፤ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ «አብሽር ወንድሜ» ይለዋል።

በመጋቢት 2010 እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ ለጋምቦ ላይ፣ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰው ሞቷል። ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ያኔ ደረት የደቃን ሰዎች ዛሬም ትርፍ ሆነን እንሳፈራለን፤ ለቀብር የምንሄደውም በትርፍ ነው።

ወደ አርዲቦ ሐይቅ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አርዲቦ ከሐይቅ ከተማው ሐይቅ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ውሃው በወንዝ ወደ ታችኛው ሐይቅ ይወርዳል። ኩርባውን እየዞረ፣ ድንጋዩን እየታከከ፣ ይኸው ስንት ዘመኑ! ምስኪን፣ ማርሽ ዜሮ አድርጎ ቁልቁለት መልቀቅን የሚያስተምረው አላገኘም። ለሽርሽር ወጥቶ የሚመለሰው ባጃጅ ግን ይህን ጥበብ ያውቃል። ነዳጅ ተወዷል፤ የፍሬኑን ነገር ደግሞ መስታወቱን የሸፈኑት ጥቅሶች ይዘውታል። መንገዱ ባይታይም ጥቅሱ ይነበባል።

አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ፣ ሹፌሩ ኩርባ ላይ ሁለት መኪና ደርቦ ሲያልፍ አይተው «ወራጅ አለ!» አሉ።

«አባባ፣ እዚህማ ማቆም አይቻልም» አላቸው፤ «ኩርባ ላይ ማቆም በሕግ ክልክል ነው።»