ፕሮሰስ ላይ ነኝ

ነቀምቴ ውስጥ አንድ ወጣት «ምን እየሠራህ ነው?» ሲባል «ሥራ ፈትቻለሁ» ብሎ የሚመልስበት ዘመን አልፏል። «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ይላል። ይህን የሰማ ሰው፣ ሱባዔ የገባ መነኩሴ ያገኘ ይመስል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የሰፈር ጽዳት ሲታወጅ «እሱን ተዉት፣ ፕሮሰስ ላይ ነው» ተብሎ ይዘለላል። እናቱ ወፍጮ ቤት አትልከውም። እጮኛው ስለ ሽማግሌ መላክ አታነሳበትም። መስቀል ይመጣል፣ ጥምቀት ይሄዳል፣ ፋሲካ ይገባል፤ እሱ ፕሮሰስ ላይ ነው። በቁልምጫ ባኬ ጃማ የምንላት ከተማችን ለሰው ልጅ ያበረከተችው አዲስ ማዕረግ ነው፤ ከተማሪ ከፍ ያለ፣ ከሠራተኛ ያረፈ።

ድሮ ፕሮሰስ ማለት አሜሪካና ካናዳ ነበር። አሁን ፊታችንን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙረናል። እሱም ለዲግሪ አይደለም፤ ለአንድ ሴሚስተር። ሴሚስተሩ አራት ወር ነው፤ ፕላኑ ሁለት ዓመት ይፈጃል። አንድ ኩባያ ቡና ለመጠጣት ደን መመንጠር እንደማለት ነው፤ ግን ማን ነው ጥሩ ነገር በጥድፊያ ይገኛል ያለው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዬ ቢሮዬ መጣ። «ቲቸር፣ ሪኮመንዴሽን ይጻፉልኝ።»

«ለምን?»

«ለኤክስቼንጅ። ሆንግ ኮንግ።»

እሰየው አልኩት። «ምን ልትማር ነው?» ብዬ መጨመሬ ግን ስህተት ነበር። ልጁ፣ ያልተዘጋጀበት ጥያቄ ከፈተና ወረቀት ላይ ብቅ እንዳለበት ሁሉ ዓይኑን አፈጠጠ። ያጠናው ሰፈሩን እንጂ ኮርሱን አልነበረም። ስልኩን አውጥቶ ሞንግ ኮክ የሚባለውን ሰፈር ካርታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋልኝ። የምድር ባቡሩ ጣቢያ መውጫዎች በፊደልና በቁጥር እንደሚጠሩ፣ በየትኛው ቢወጣ ወደ መንገድ ዳር ገበያው እንደሚቀርብ፣ ኦክቶፐስ የምትባል ካርድ ለባቡርም ለአውቶቡስም ለሱቅም እንደምትሠራ፣ ይህችም ካርድ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ እንዳለች አስረዳኝ። ጣቱን ሲያንሸራትት ለሃያ ዓመት እዚያ የኖረ ነው የሚመስለው።

«እዚሁ ከተማችን ያለውን የኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥት አይተሃል?» አልኩት።

«በአጠገቡ አልፋለሁ» አለኝ።

በየትኛው መውጫ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ሪኮመንዴሽኑን ጻፍኩለት። «በጣም ታታሪ፣ የማወቅ ጉጉት ያለው» የሚለውን ከቀድሞ ደብዳቤ ላይ ገልብጬ ነው፤ እኔም የፕሮሰሱ አካል መሆኔን መካድ አልችልም።

ከተማ አመራረጡ ላይ ግን አልወቅሰውም። ነቀምቴ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 75,219 ሰው ነበራት። ሆንግ ኮንግ ሰባት ሚሊዮን ተኩል ገደማ አላት። እንግዲህ አንድ መቶ ነቀምቴ ማለት ነው፤ እነዚህ መቶ ነቀምቴዎች የተደረደሩት ደግሞ ከምሥራቅ ወለጋ ዞን አንድ አሥረኛውን በማይሞላ መሬት ላይ ነው፤ ከዚያም ላይ ብዙው ተራራ ነው። እዚያው ሆንግ ኮንግ፣ ኮውሉን ላይ፣ በግንብ የታጠረች ከተማ የሚሏት ሰፈር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1993 መፍረስ ከመጀመሯ በፊት 2.6 ሄክታር ላይ ከ30,000 በላይ ሰው ይኖርባት ነበር። ለገበሬ ልጅ በእኛ ልክ ልንገረው፤ አሥር ጥማድ የምታክል መሬት ናት። በአሥር ጥማድ በቆሎ ምክንያት ሁለት ወንድማማቾች አሥር ዓመት ፍርድ ቤት ሲመላለሱ የሚያይ የወለጋ ልጅ፣ እዚያ ደርሶ ስለ መቻቻል ቢማር ምን ይከፋል? ብቻ እሱ የሚያየው ቪዲዮ የሌሊቱን መብራት ነው። የተከፋፈለውን ቤት፣ አልጋ ላይ ተቀምጠህ ሩዝ መቀቀያውንም የሻወሩንም በር በእጅህ የምትደርስበትን ክፍል፣ ማንም አይቀርጽለትም። ሴኡል ውስጥ ጎሺዎን የሚሉት አለ፤ መጀመሪያ ለመንግሥት ፈተና ለሚያጠኑ ሰዎች ተብሎ የተሠራ፣ እግር ከተዘረጋ ግድግዳ የሚነካ ክፍል ነው። በቤታችን «ለብቻዬ ክፍል ይሰጠኝ» ብሎ አባቱን ያኮረፈ ልጅ ለዚያ ክፍል በዶላር ለመክፈል ሁለት ዓመት ይዘጋጃል።

ወደ ዶላሩ ስንመጣ የፕሮሰሱ ጥበብ ከፍታው ላይ ይደርሳል። ባንክ ስቴትመንት ይሉታል። ሆንግ ኮንግ ያለው ቢሮ ልጁ አራት ወር የሚበላው እንዳለው ማየት ይፈልጋል፤ ልጁ ደግሞ የሚበላው የለውም። ይህ ችግር ለሌላው ዓለም ችግር ሊሆን ይችላል። ለእኛ አይደለም። ጊምቢ ያለው አጎት ቡና የሸጠበትን ያበድራል፤ አክስት ያን ሳምንት የደረሳትን እቁብ ታመጣለች፤ ጎረቤት አዴ የላም መግዣቸውን ከጨርቅ ፈትተው ይቆጥራሉ። ሰኞ ገንዘቡ ይገባል። ረቡዕ ወረቀቱ ማኅተም ይመታበታል። ሐሙስ ገንዘቡ ወጥቶ በየባለቤቱ ይሄዳል። ከሁሉም ቀድሞ ወጥቶ፣ አዲስ ቦታ አይቶ፣ በሰላም አገሩ የተመለሰ ገንዘቡ ነው። የተሟላ የልውውጥ ሴሚስተር ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይመራ ተባለ። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ተሻገረ። እቁቡም፣ ቡናውም፣ የአዴ ላምም ተደምረው በአንድ ጊዜ ግማሽ ሆኑ። ተማሪዬ ተስፋ ቆርጦ ይሆን ብዬ ጠየቅኩት። «አይ ቲቸር፣ ፕሮሰሱን ትንሽ ገፍተነዋል» አለኝ። ይህን ጽናት ኮርሱ ላይ ቢያሳይ ኖሮ፤ ይቅር፣ የመምህር ክፉ አመል ነው።

ከባንኩ ቀጥሎ ደብዳቤው ነው፤ «ሞቲቬሽን ሌተር»። ባለፉት ሁለት ዓመታት ያነበብኩት ሁሉ «ከልጅነቴ ጀምሮ» ብሎ ይጀምራል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሻምቡ በግ ሲጠብቅ የነበረ ልጅ «ምሥራቅና ምዕራብ የሚገናኙባትን ደማቅ ከተማ» ሲናፍቅ እንደኖረ ይጽፋል። ቀድሞ የሚገለብጡት ከጓደኛ ነበር፤ አሁን ማሽን ይጽፍላቸዋል። ማሽኑ ፈጣን ከመሆኑ የተነሳ የአርጆውም፣ የነጆውም፣ የመንዲውም ልጅ አንድ ዓይነት ልጅነት አሳልፏል። ስለ በጎቹ ግን ማንም አይጽፍም። እውነቱን ለመናገር እኔ መልማይ ብሆን የማነበው የበጎቹን ነበር።

መሐል ላይ ደግሞ አማካሪ አለ። ከመድኃኒት ቤት በላይ አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ በሩ ላይ የፎቅ ሥዕል ለጥፎ፣ «ቻይና፣ ኮሪያ፣ ጃፓን፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ» ብሎ ይጽፋል። የኮሪያና የጃፓን መንግሥታት ለሚሰጡት ስኮላርሺፕ ማመልከት ገንዘብ አያስከፍልም፤ ማስታወቂያውም ለሁሉ የተለጠፈ ነው። ነገር ግን በነፃ የተገኘ ነገር ክብር የለውም። አማካሪው ክብሩን ይጨምርበታል፤ የክብሩ ዋጋ ቅድሚያ ይከፈላል፤ አይመለስም። አንዱን በር ላይ አግኝቼ «ስንት ሰው ላክህ?» ብለው «ብዙ ሰው ፕሮሰስ ላይ አለኝ» አለኝ። ልክ ነው። እረኛ ከብቱን በቁጥር አይናገርም።

አንዳንዴም ፕሮሰሱ ሳይሆን ዓለሙ ይቋረጣል። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ወለጋ ውስጥ ኢንተርኔትና ስልክ ለሦስት ወር ገደማ ሲዘጋ አንዲት ጎበዝ ልጅ የማመልከቻ ቀኗ አለፈባት። ፋይሉን በፍላሽ ይዛ፣ በአውቶቡስ ተሳፍራ፣ ሸዋ እስክትገባ መስመር ስትፈልግ ሦስት ቀን ቆየች። ስትደርስ ገጹ ተዘግቷል። እሷ አሁን ጊምቢ ታስተምራለች። እውነተኛ ዝግጅት ያየሁት እሷ ዘንድ ነበር፤ ልትማረው የፈለገችው የአፈር ኬሚስትሪ ኮርስ ቁጥሩ ሳይቀር በቃሏ ነበር። እሷ ላይ ለመቀለድ ብዕሬ እምቢ ይለኛል። ወደ ቀልዱ እንመለስ።

ነገሩን ከእኛ ሰው መካከል ቀድሞ የጀመረው ግን ኤጀንት ያልነበረው ሰው ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ፣ በልጅነት ስሙ ሂካ፣ በባርነት ተሽጦ ምፅዋ ላይ እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ የወጣ፣ በ1876 ስዊድን ሄዶ አምስት ዓመት የተማረ። ያሳዝናል፤ ፕሮሰስን በግልባጩ ነው የተረዳው። ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ ኦሮሞ ምድር ለመመለስ ነበር መንገድ የሚፈልገው። በሱዳን በኩል ሞከረ፣ ሳይሆን ቀረ። በታጁራ በኩል እንጦጦ ደረሰ፣ ከዚያም አላለፈም። ወለጋ የገባው በ1904 ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመት የመመለስ ፕሮሰስ! በመሐሉ ሥራ እንዳይፈታ ምፅዋ አጠገብ ተቀምጦ ከአስቴር ገኖ ጋር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ በ1899 ታተመ። አንድም ሰልፊ የለውም። ዛሬ ቢሆን «ፕሮፋይሉ ደካማ ነው» ይባል ነበር። የያኔው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ብላቴን ጌታ ኅሩይም በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጽፈው አሳተሙ። በሴሚስተር ሳይሆን በሳምንታት ቆይታ! የዛሬው ተመላሽ ስለ አራት ወሩ ሲጠየቅ «ሲስተማቸው ሌላ ነው» ይላል፤ ትንታኔው እዚያ ላይ ይጠናቀቃል።

ቡናችንማ ስንት ዓመት ሲመላለስ ኖሯል። በዓለም ገበያ ስሙ «ለቀምቲ» ነው፤ ነቀምቴ በቀድሞ አጻጻፏ። ያለ ቋንቋ ፈተና፣ ያለ ባንክ ስቴትመንት፣ በጆንያ ተሳፍሮ ይሄዳል። ተማሪዬ አንድ ቀን ቢደርስ ሆንግ ኮንግ ካፌ ውስጥ የአጎቱን ቡና በዶላር ገዝቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ «አዲስ ጣዕም» ብሎ ይለጥፋል። አጎቱ ጊምቢ ላይ ላይክ ያደርግለታል።

ይልቅ የከነከነኝ ቃሉ ነው። ልውውጥ። በደንቡ ከሄድን ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ሲለዋወጡ የሄደና የመጣ ቁጥር መመጣጠን አለበት፤ እንግዳው የሚማርበት ክፍያ የሚቀረው በዚያ ሂሳብ ነው። እኛ ዘንድ የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል፣ ባነር ፊት ፎቶ ይነሳል፣ ሰነዱ መሳቢያ ይገባል። የሚመጣ የለም። ይመጡ የነበረበት ጊዜ አለ፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ ከኬንያም ከናይጄሪያም ወጣቶች በነፃ ትምህርት ዕድል አዲስ አበባ መጥተው ይማሩ ነበር። በዚያው አሥር ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ዓመት ክፍለ አገር ወርዶ እንዲያስተምር ይገደድም ነበር። ያኔ ከአዲስ አበባ ወደ ወለጋ መምጣት ራሱ የአገር ልውውጥ ነበር፤ ያውም በቪዛ ሳይሆን በደብዳቤ።

ስለዚህ ሚዛኑን ለማስተካከል እኔ ራሴ ማስታወቂያ አርቅቄያለሁ። ከሆንግ ኮንግ ወደ ባኬ ጃማ ለአንድ ሴሚስተር መምጣት የሚፈልግ ተማሪ የአፋን ኦሮሞ ችሎታ ፈተና ውጤት፣ ሁለት ዓመት ያላለፈው፣ ያቀርባል፤ ፈተናው የሚሰጠው ደምቢ ዶሎ ብቻ ሲሆን ክፍያው አይመለስም። የባንክ ስቴትመንቱን ቀበሌ ያረጋግጥለታል፤ ቀበሌ ከሌለው መጀመሪያ ቀበሌ ያቋቁማል። «ለምን ነቀምቴ?» በሚል በ500 ቃላት ይጽፋል፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ» ብሎ የማይጀምር ጽሑፍ አይታይም። የተቀቀለ አንጮቴ በቅቤ ሲቀርብለት ሁለት ጊዜ መጉረስ የሚችል መሆኑን የሚገልጽ የሕክምና ወረቀት ያያይዛል። ዋናው ግን፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ወደ አገሩ እንደሚመለስ ማስረጃ ያመጣል። ምክንያቱም ሠላሳኛ ፎቅ ላይ ያደገ ልጅ ማንጎና አቮካዶ ያለበት ጓሮ ካየ በኋላ ይመለሳል ብሎ ማመን ለአንድ ኃላፊነት ለሚሰማው የኢሚግሬሽን ሹም ከባድ ነው።

ማስታወቂያውን በማኅተም ለማስደገፍ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ተቀብላ አነበበችው፤ ሳቀች፤ ከዚያ ሳትስቅ መለሰችልኝ። ማኅተሙ ያለው ኃላፊው ዘንድ ነው አለች።

«መቼ ይገባሉ?»

«የሉም፤ ለልምድ ልውውጥ ሄደዋል። ሲንጋፖር።»

«ሲመለሱ?»

«እሱን እንኳ አላውቅም» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ «ፕሮሰስ ላይ ናቸው።»